የተበየደው ክዳን

ጦርነቱ በፈነዳ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ የካቲት፣ የወንዝ ዳሩ የሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካ ጭስ በከተማው ጣሪያዎች ላይ ተጋድሞ ነበር። ያ ዘመን ሰው ሥጋን በቆርቆሮ ማሸግ የተማረበት፣ ቆርቆሮውን የሚከፍት መሣሪያ ግን ገና በወታደር እጅ ያልገባበት ዘመን ነው፤ ዘማቹ ቀለቡን የሚከፍተው በሳንጃ ነበር።

በብየዳው ክፍል ከተሰለፉት ሴቶች አንዲቱን ባልንጀሮቿ «እጀ ወርቅ» ይሏታል፤ እርሷ በቀለጠ እርሳስ የዞረችበት ክዳን አየር አያስገባም፤ ዓመት ቢቆይም ሥጋው አይሸትም። ባሏ ከእግረኛው ጦር ጋር ከዘመተ አሥራ አራት ወር ሆኖታል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ክንዱን በጨርቅ ያንጠለጠለ አሥር አለቃ መጥቶ ከበር አስጠራት። ባርኔጣውን ሲያወልቅ የባሏ መርዶ መሆኑ ገባት።

«ጥይት ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ» አለ። «ቆርቆሮ ሲከፍት ሳንጃው አዳለጠውና ክዳኑ መዳፉን ሰነጠቀው። ያን ዕለትማ ስንስቅ ነበር፤ ‹ይቺን የዘጋቻት የኔዋ መሆን አለባት፣ ስለት እንኳ እምቢ አለች› እያለ። በሦስተኛው ቀን እጁ አበጠ፤ በዘጠነኛው…»

«ይበቃል።»

እያንዳንዷ በያጅ በቆርቆሮው ግርጌ የራሷን ምልክት ትጭር ነበር፤ የእርሷ ሦስት ጭረት ነው።

«ከሥሩ ምን ምልክት ነበረበት?»

«እኔ እንጃ፣ አላየሁም። ርቦን ነበር፤ ሥጋውን በልተን ጣልነው።»

«እሱም በላ?»

«በላ እንጂ።»

«ደግ» አለች። እንባ እምቢ አላት። ተመልሳ ገባችና የመበየጃ ብረቷን ከፍሙ ላይ አኖረች።

ሥራ ሲያበቃ ወደ ክፍሉ ሹም ዘንድ ሄደች፤ ሹሙ ዕድሜ የተጫናቸው፣ ክፋት የማያውቁ ሰው ነበሩ።

«ጌታዬ፣ በክዳኑ ዙሪያ አንድ ቀጭን የቆርቆሮ ጥብጣብ ትተን ጫፏን ወጣ ብናደርጋት፣ ያለ ስለት ተስባ ትከፈት ነበር።»

«ልጄ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው» አሉ ሹሙ። «የኛ ሥራ ግን መዝጋት ነው፤ መክፈቱ የበላተኛው ፈንታ ነው። ይልቅ ቤትሽ ገብተሽ ትንሽ ቀን ተቀመጪ።»

«ቤት ገብቼ ምን ልሠራ?»

በማግስቱ ማልዳ ከቦታዋ ተገኘች፤ እንደ ወትሮዋ አጥብቃ በየደች። ምልክቷን ግን ከዚያ ወዲያ በአንድም ቆርቆሮ ላይ አልጫረችም። ሹሙም አይተው እንዳላዩ አለፏት።

ሰላም በወረደ ጊዜ ባሏ በጦሩ መዝገብ «በሕመም ከሞቱት» ተርታ ተጻፈ። ከብዙ ዓመት በኋላ ክዳኑ በትንሽ ቁልፍ ተጠቅልሎ የሚከፈት ቆርቆሮ ተፈለሰፈ፤ የፈልሳፊውንም ስም መጻሕፍት ይዘውታል። ታሪክ የውጊያዎቹን ቀን፣ የጄኔራሎቹን ፈረስ ቀለም ሳይቀር፣ በጥንቃቄ አኑሯል፤ ያ ሁሉ ሠራዊት ምሳውን በምን ከፍቶ እንደ በላ ግን የጠየቀ ጸሐፊ አልነበረም።