ክር የገባበት ሳሙና

የቡሬዋ በለጠች ለመንገደኛ ሳሙና በመምረጥ የሚስተካከላት አልነበረም። ባሏ ባዬ በርበሬ ገዢ ነው። ሰኞ ማለዳ ከቤቱ ይወጣና በፍኖተ ሰላምና በዙሪያዋ ያሉትን ገበያዎች ሲያዳርስ ሰንብቶ ቅዳሜ ይመለሳል። ሸክም ስለማይወድ አንድ ቅያሬ ልብስና ሳሙና ብቻ ነው የሚይዘው። የዱቄት ሳሙና እንዳትሰጠው ፌስታሉ ተቀዶ ቦርሳው ውስጥ ይበተናል። የገላ ሳሙና እንዳትሰጠው የበርበሬ ብናኝ አያስለቅቅም፤ ቶሎም ይሟሟል። ስለዚህ ደረቁን የልብስ ሳሙና ከጎረቤቷ ከኡምሀኒ ሱቅ ትገዛና ለሁለት ትከፍለዋለች። ግማሹን በወስፌ በስታ ክር ታስገባበታለች። ባዬ ልብሱን አጥቦ ሲጨርስ ሳሙናውን ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል፤ ደርቆ ያድራል፣ ቦርሳም አያጨማልቅም። ኡምሀኒ ይህን ብልሃት ከበለጠች ሰምታ ለደንበኞቿ ሁሉ እንደ ራሷ ፈጠራ ታወራው ነበር።

የበለጠች ንጽሕና ግን አንዳንዴ ከልክ ያልፋል። ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ ጌሾ የሚሸጡ የሰፈር እናት አሉ፤ እግራቸው በዝሆኔ ካበጠ ብዙ ዓመቱ ነው። አንድ ቀን በበለጠች ደጅ ሲያልፉ ውሃ ለመኑና ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። በለጠች የጠጡበትን ኩባያ በአመድ ፈተገችው። እሱም አልበቃት ብሎ ለዶሮዎች መጠጫ አደረገችው። «ይህ በሽታ ቤት ከገባ አይወጣም፤ ዘር ይቆጥራል» አለች። ባዬ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ ነበር። ሁሉንም አየ፤ ሰማም።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ የበርበሬው ገበያ በደራበት ወራት፣ ባዬ የቆሸሸ ልብስ ይዞ መምጣት ጀመረ። ሳሙናው ግን የለም። ስትጠይቀው አለቀ ይላል። ልብስ ያላጠበ ሳሙና እንዴት ያልቃል? ቦርሳው ደግሞ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከሁሉ የባሰው የእግሩ ነገር ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ ከመንገድ ሲመለስ ለብ ባለ ውሃ እግሩን የምታጥበው እሷ ናት፤ የሳምንቱን ወሬ የሚጨዋወቱትም ያኔ ነው። አሁን ግን ደክሞኛል እያለ ካልሲውን ሳያወልቅ ይተኛል።

በለጠች ነገሩን ገጣጠመችው። በረኪና የሚሸት ሰው የት ያድራል? አንሶላው በበረኪና በሚታጠብበት አልጋ ቤት ነዋ። ሳሙናውስ የት ገባ? አልጋ አንጣፊዋ እጅ። ልቧ አረረ። ይልቁንም ያ ክር አንገበገባት። በገዛ እጇ በስታ፣ በገዛ እጇ ክር አስገብታ፣ ለሌላ ሴት ስትልክ መክረሟ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጃቸው ሄቨን ጎረቤት ሄዳ ሳለ ፊት ለፊት ጠየቀችው።

«ባዬ፣ ሴት ይዘሃል?»

ባዬ ካልሲውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። የለም ብሎ ቢምልላት ታምነው ነበር፤ ማመን ፈልጋም ነበር።

«እንደፈለግሽ አስቢው» አላት።

የክህደትን ምሬት የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። ክዶ ቢከራከር እንኳ ለትዳሩ ሳሳ ማለት ነው፤ ባዬ ግን አልሳሳለትም። ሰኞ እሱ እንደወጣ በለጠች ልጇን ይዛ ዱርቤቴ ወላጆቿ ቤት ለመግባት ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። ኡምሀኒ ሰምታ መጣችና፣ እሷ ብትሆን በዓይኗ ሳታይ ቤቷን እንደማታፈርስ ነገረቻት። ሄቨንንም እኔ ዘንድ ተያት አለቻት። በለጠች ረቡዕ ጧት ሚኒባስ ተሳፍራ ፍኖተ ሰላም ወረደች።

በርበሬ ተራ ደርሳ ስለ ባዬ ብትጠይቅ፣ ረቡዕ ረቡዕ ከክሊኒኩ ግቢ እንደማይጠፋ አንዱ ተሸካሚ ነገራት። ሴትዮዋ የክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ ናት ማለት ነው፤ በረኪናውም ከዚያ ነው። በለጠች የምትናገረውን እያውጠነጠነች ገሰገሰች።

ግቢው ውስጥ ዋንዛ ጥላ ሥር ረጅም አግዳሚ ላይ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሁሉም እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረዋል። ባዬ መካከላቸው ነው፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል። ግራ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፤ የጣቶቹ ቆዳ ወፍሮ ሻክሯል። ከአጠገቡ ወለተ ኢየሱስ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ። በእጃቸው ላይ ክር የገባበት ሳሙና ተንጠልጥሏል።

በለጠች አግዳሚው ፊት ቆመች። ባዬ ቀና ብሎ አያት፤ እግሩን ግን ከሳፋው አላወጣም፤ መደበቂያም አልነበረው።

ነገሩን ያስረዳቻት ሲስተር መስከረም የምትባለው ነርስ ናት። ዝሆኔ እርግማን አይደለም፤ በኩባያም በመኝታም አይተላለፍም። በቀዩ አፈር ላይ በባዶ እግር ብዙ ዘመን ከመሄድ የሚመጣ ነው። ባዬ ጎልማሳ እስኪሆን ድረስ ሲያርስ የኖረው በባዶ እግሩ ነው። ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ እየዘፈዘፉ፣ በየቀኑ በሳሙና እየታጠቡ፣ ቫዝሊን እየቀቡ፣ ካልሲና ጫማ ካደረጉ፣ ገና ሲጀምር የተያዘ እብጠት ይቀንሳል። ባዬ ሲያነክስ አይተው ራሳቸው የሚታከሙበትን ይህን ክሊኒክ የጠቆሙት ወለተ ኢየሱስ ናቸው። እሱም ሳሙናውን ያካፍላቸው ነበር።

በለጠች ይህን ሁሉ ሰምታ ወደ ባሏ ዞረች።

«ይህን ከምትነግረኝ ሴት አለው መባል ተሻለህ?»

«ተሻለኝ» አላት። «ሴት ብይዝ ተጣልተሽ ትታረቂኝ ይሆናል። እግሬን ብታዪ ግን ኩባያዬን ትለዪብኛለሽ። የእትዬ ወለተ ኢየሱስን ኩባያ ለዶሮ ስታደርጊው አይቻለሁ።»

ወለተ ኢየሱስ ይህን አያውቁም ነበር። ያን ቀን መርቀው ነው የወጡት። እጃቸው ሳፋው ውስጥ ቀረ። ቀስ ብለው ሳሙናውን አለቀለቁና ክሩን ይዘው ወደ በለጠች ዘረጉላት።

«እንኪ ልጄ፣ ሳሙናሽን።»

 በለጠች ሳሙናውን አልተቀበለችም። እያለቀሰች ወጥታ ሚኒባስ ተራ ሄደች።

መንገዱን ሙሉ በባሏ ተናደደች። አብሯት የተኛ ሰው፣ ልጅ የወለደላት ሰው፣ እግሩን ለባዳ አሳይቶ ከእሷ ደበቀ። መከዳቷ እውነት ነው፤ ማንም ሊያስተባብልላት አይችልም። ነገር ግን ቡሬ ስትቃረብ አንድ ነገር መጣባት፤ ያ ሰው ይህን የደበቃት ፈርቷት ነው፤ ያስፈራችውም ራሷ ናት። እኛስ ስንቶቻችን ነን በሽተኛን ስናሽሟጥጥ፣ የገዛ ቤታችን በሽተኛ ቁጭ ብሎ የሚሰማን? በሽታን በነውር የሚያይ ቤት በሽተኛውን ያስዋሸዋል። ደብቆ የሚኖር ደግሞ ለመዳን ይዘገያል፤ ባዬን አንዲት የተናቁ እናት ባይደርሱለት ኖሮ እግሩ የት ይደርስ እንደነበር ማሰብ ነው።

ቅዳሜ ባዬ ሲመጣ በለጠች ውሃ አሙቃ ሳፋውን ደፉ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችው። እሱ እንደ ልማዱ ደክሞኛል ሊል ሲጀምር አቋረጠችው።

«አሁንም ተቀይሜሃለሁ» አለችው። «እግርህን ግን ስጠኝ።»

ካልሲውን ያወለቀችለት እሷ ናት። ያበጠውን እግር በሁለት እጇ ይዛ በየጣቶቹ መካከል ሳይቀር አጠበችው። ባዬ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

በማግሥቱ በለጠች ወለተ ኢየሱስ ቤት ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። እሳቸውም አነሷት። ቤቷ ይዛቸው መጣች፤ ኡምሀኒና ሌሎች ጎረቤቶችም ተቀምጠው ነበር። በለጠች በራሷ መጠጫ ኩባያ ውሃ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ወለተ ኢየሱስ ኩባያውን አገላብጠው አዩት።

«የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ ነው እትዬ።»

እሳቸው ግማሹን ጠጥተው መለሱላት። በለጠች ሰው ሁሉ እያየ የቀረውን ጠጣች።