በግድቡ ሥር የቀረ ትንፋሽ

መጀመሪያ የተሰማት ቃጭል ነበር። ጉሙ ግድቡን ከዳር እስከ ዳር ስለዋጠው ውሃውና መሬቱ አይለይም፤ ቃጭሉ ግን ከውስጡ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል። ኢንስፔክተር እታገኘሁ ከሞተር ብስክሌቱ ወርዳ ጆሮዋን ሰጠች።

«የማን በሬ ነው ውሃ ውስጥ የገባው?»

«በሬ አይደለም ኢንስፔክተር» አለ ከመካነ ሰላም ይዟት የመጣው ፖሊስ። «የሟቹ ገመድ ቃጭል ነው። ከታች ሆኖ ሲስበው እንዲያቃጭል ታንኳዋ ላይ ያሰረው ነው። አሁን ነፋስ ይጫወትበታል።»

ሟቹ ደሳለው ጋቢ ተሸፍኖ ዳሩ ላይ ተጋድሟል፤ መጥለቂያው አጠገቡ ነው። ከዐረብ አገር የጠላቂነት ሥራ ከተመለሰ ገና ዓመት አልሞላውም። የግድቡ የብረት በር በደለልና በግንድ ተደፍኖ የታችኞቹ ገበሬዎች ሽንኩርት ሲደርቅ፣ «ጠልቄ እከፍተዋለሁ» ያለ እሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ማለዳ ገባ፤ በሃያ ደቂቃው ሬሳው ወጣ።

ገመዱን ይዞ የነበረው አህመዲን፣ ባሕር ማዶ አብሮት የሠራ ጓደኛው፣ በካቴና ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የሟቹ ታላቅ ወንድም ስማቸው ከፊቱ ይንጎራደዳል።

«ገዳዩ ይኸው! ቃጭሉ እየጮኸ ገመዱን አልሳበም። በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ነገ ፍርድ ቤት ቀርቤ እመሰክርበታለሁ።»

«ወላሂ አንዴ ብቻ ነው የደወለው። አንዴ ማለት ደህና ነኝ ማለት ነው» አለ አህመዲን።

«ከዚያ ዝም ሲልስ? አረፋውን አታይም ነበር?» አለች እታገኘሁ።

«አረፋ የለውማ! እንደ ሌላው መጥለቂያ አይደለም።»

«እንግዲያው አስረዳኝ። እኔ የማውቀው ውሃ የባልዲውን ነው።»

አህመዲን በእንባው መሀል ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። «የተነፈሱትን መልሰው ይተነፍሱታል። እዚህ ጣሳ ውስጥ ያለው ጠጠር ኖራ የተቃጠለውን አየር ይይዘዋል፤ ከትንሿ ጠርሙስ ደግሞ ኦክስጅን ይጨመርበታል። ይህን የመረጠው በችግር ነው፤ እዚህ አገር የአየር መሙያ ማሽን ከየት ይመጣል? ትንሿ ጠርሙስ ለሰዓታት ትበቃለች። ክፋቱ፣ ኖራው ከደከመ ሰውየው ሳይታወቀው ይሰክራል። ከዚያ ያው... እንቅልፍ ነው።»

«መድከሙ በምን ይታወቃል?»

«ነጩ ቀለሙ ወይን ጠጅ ይሆናል። እንዳወጣነው ጣሳውን ከፈትኩት፤ ከላይ እስከ ታች ወይን ጠጅ! አዲስ ኖራ በሃያ ደቂቃ እንዲህ አይሆንም። በስልኬ አንስቼዋለሁ።»

«ሳይገባ አይሞክረውም?»

«ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ዳር ላይ ተቀምጦ ይሞክረዋል። ዛሬ ገበሬው ተሰብስቦ፣ ጋሽ ስማቸው ‹ዓሣ ለመሆን ትምህርት ቤት ገባህ እንዴ?› ቢለው አፍሮ ሳይሞክረው ገባ።»

«ውሸታም!» አለ ስማቸው። «ጣሳውን ይክፈቱታ! እፍኝ ወይን ጠጅ ከተገኘ እኔ ልታሰር።»

ከፈተችው። ነጭ ነው። ስልኩን አየች፤ ፎቶው ከሦስት ሰዓት በፊት የተነሳ ነው፤ ደማቅ ወይን ጠጅ። ጣቷን ወደ መሀል ሰደደች። ከሥር ጥቂት ፍሬዎች ቀለማቸው ገና አልለቀቀም። ክዳኑን መለሰችው።

«ጣቶችዎን ምን ነካዎት ጋሽ ስማቸው?» በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«እሾህ ነው።»

«አሥሩንም?»

እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ።

የሟቹ ሚስት የትምወርቅ ጓዳዋ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። አላለቀሰችም። ጥግ ላይ አንድ ጀሪካን አለ።

«ኖራው ይኸ ብቻ ነው?»

«ሁለት ነበር። አዲሱና ያገለገለው። ደሱ ምንም መጣል አይወድም፤ ያገለገለውን ለግድግዳ ይሆናል ብሎ አስቀመጠው።»

«ማን ወሰደው?»

«ስማቸው። የልጁ ሠርግ ደርሶ ቤቱን ሊቀባ።»

ረፋዱ ላይ ሁሉም በጋሽ ስማቸው ደጅ ተሰበሰቡ። ግድግዳው አዲስ ተቀብቷል፤ ቅቡ ውስጥ ያልላሙ የኖራ ጠጠሮች ይታያሉ። እታገኘሁ እፍኝ እፍኝ ኖራ የያዙ ሁለት የውሃ ፕላስቲኮች ጠረጴዛ ላይ አቆመች፤ በየክዳናቸው የእስክሪብቶ ቀፎ ተሰክቷል።

«ይኸ ከሟቹ ቤት ነው። ይኸኛው በጋሽ ስማቸው ጭድ ውስጥ ከተገኘው ጀሪካን። ሁለቱም ነጭ ናቸው?»

«ናቸው» አለ ሕዝቡ።

በመጀመሪያው ቀፎ ተነፈሰችበት። አንዴ፣ አምስቴ፣ አሥሬ። ጠጠሩ ወይን ጠጅ ሆነ። በሁለተኛው እስኪያዞራት ተነፈሰች፤ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ኖራው ሲደክም ወይን ጠጅ ይሆናል። ሲያርፍ ቀለሙ ይመለሳል፤ ጉልበቱ ግን አይመለስም። አህመዲን ያየው እውነት ነው፤ እኔ ያየሁትም እውነት ነው። የዋሸው ቀለሙ ነው። ያገለገለው ጀሪካን ሲውል ሲያድር ነጣ፤ በስህተት አዲሱ ከቤት ወጣ። ደሳለው የቀረው አዲሱ ነው ብሎ ሞላው።» ወደ ስማቸው ዞረች። «ዕድሜዎን ሙሉ ኖራ ሲቀቡ ጣትዎን እንዲህ በልቶዎት ያውቃል? ይኸ ውስጡ የሚያቃጥል ሶዳ አለበት፤ አዲስ ሲሆን ነው የሚበላው። ሲወስዱት አላወቁም። ጣሳው ተከፍቶ ወይን ጠጁን ሲያዩ ግን አወቁ፤ መልሶ መንጣቱንም ሰርቀው ስላዩ ነው ‹ይክፈቱታ› ያሉት። ሌላው ጭድ በአመዳይ ርሷል፤ ጀሪካኑን የሸፈነው ደረቅ ነው። ዛሬ ነው የደበቁት። ከዚያም ሰው ሊያሳስሩ ያልጮኸውን ቃጭል ጮኸ አሉ።»

ስማቸው መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። «ምን ልበል ታዲያ? የወንድሙን ትንፋሽ ግድግዳ የቀባ ሰው ልጅ ማን ያገባታል?» ከዚያ ድንገት ቀና አለ። «ደግሞስ እኔ አልመረጥኩም! ከእጇ ነው የተቀበልኩት!»

ሁሉም ወደ የትምወርቅ ዞሩ።

«ደሱ ወይን ጠጁን ስጪው ነበር ያለኝ» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ሁለቱም ነጭ ነበሩ።»

እታገኘሁ የአህመዲንን ካቴና ፈታች። «አብሽር፣ ወንድሜ።» እሱ ግን አልሰማትም፤ የትምወርቅን ነበር የሚያየው።

ሴትየዋ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄደች። መዳፏን ቅቡ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ነጠላዋን አጠበቀችና በሰው መሀል አልፋ ወጣች። ሬሳው ገና አልተገነዘም። የራሷ ደጅ ስትደርስ አልገባችም፤ አልፋው ወደ አውቶቡሱ መንገድ አቀናች።

«የት ነው?» አለ ከኋላዋ የተከተላት አህመዲን።

«ከእጄ ነው የወጣው» አለች፣ ወደ ኋላ ሳትዞር።