ለአስታራቂዎች የተሠራ ወጥ

«ይሄ ተከተፈ ይባላል? አድቅቂው እንጂ፤ ለሽማግሌ የሚቀርብ ነው» አለች ሮማነወርቅ።

ሶሲ ቢላውን መልሳ አነሳች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ይህን ሁሉ ሽንኩርት ብቻዋን ከትፋ አታውቅም። እናቷ በግራ እጇ ድስቱን ታማስላለች። ቀኝ አንጓዋ በነጠላ ቁራጭ ተጠፍሮ ሹራቧ እጅጌ ሥር ተደብቋል። ሐሙስ ዕለት የሶሲ አባት ይርጉ ጠምዝዞት ነው። እንግዲህ ጉድ በሉ፤ እጇን የተጠመዘዘችው ሴት ለአስታራቂዎቿ ወጥ ትሠራለች። ደንብ ነው ይባላል።

«ማም፣ ፒዛ እንዘዝላቸው።»

«አታሹፊ። ከጠየቁሽ ደግሞ በር ነው የመታት በይ። ሰማሽ?»

«ባለፈውም በር ነበር። የኛ በር ብቻ ነው እንዴ እጅ ያለው?»

ሮማነወርቅ ወደ ድስቱ ዞረች። ሽንኩርት መክተፍ አንድ ደግ ነገር አለው፤ ለምን ታለቅሻለሽ የሚል የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከሬኒየር ቫሊ ሰፈር ተነስተው እነሶሲ ወዳሉበት ከተማ፣ ፌደራል ዌይ ድረስ መጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ እርቅ መሆኑ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ይርጉ በግ ነው፤ አንገቱን ይደፋል፣ ጉልበት ይስማል።

«የባልና የሚስት ጠብ የሌለበት አገር የለም» አሉ ታላቁ ሽማግሌ፣ አባባ ኪዳነ ወልድ። «ፖሊስ ትዳር አያቆምም። በሉ፣ ይቅር ተባባሉ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ሮማነወርቅ፣ ወለሉን እያየች።

ሶሲ ልታስታጥባቸው ማንቆርቆሪያውን ስታነሳ አባባ ኪዳነ ወልድ ፈገግ አሉ። «ዛሬስ እናትሽ ታስታጥበን፤ የእርቅ ቀን አይደል?»

ሽማግሌ በግራ እጅ አይስተናገድም። ሮማነወርቅ ማንቆርቆሪያውን በቀኟ ተቀበለች። ገና ዘንበል ስታደርገው ከእጇ አመለጠና የአዛውንቱን ሱሪ አረሰረሰው። እጅጌዋ ተሰበሰበ፤ የነጠላው ቁራጭ ተፈታ። አንጓዋ አብጦ ጠቁሯል።

ሁሉም አዩ። ሶሲ ማየታቸውን አየች።

«ምን አግኝቷት ነው?» አሉ አባባ ኪዳነ ወልድ፣ ወደ ልጅቱ ዞረው።

ይርጉ አንገቱን ከደፋበት ቀና ብሎ ልጁን አተኩሮ አያት። ሶሲ አፏን ከፈተች። ውሸቱ እምቢ አለ፤ እውነቱን ደግሞ ከዚህ ዓይን ፊት መናገር አስፈራት። ፎጣ አንስታ ወለሉን ማድረቅ ጀመረች።

«በር ነው» አለ ይርጉ።

«እግዜር ይማርሽ» አሉ አዛውንቱና እንጀራውን ቆረሱ። ደግ ሰው ናቸው። ደግነት ግን ዓይን አይሆንም።

በልተው፣ መርቀው ሲነሱ ይርጉ በመኪናው ሊያደርሳቸው ወጣ። ደርሶ እስኪመለስ አንድ ሰዓት አያንስም።

ሶሲ ከሒሳብ ደብተሯ ሽፋን ሥር አንዲት ወረቀት አወጣች። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰንበት ትምህርት ቤት ኤልሳቤጥ የምትባል ሴት መጥታ የሰጠቻቸው ናት፤ ቤታቸው ውስጥ የሚደበደቡትን የሚረዳ ማኅበር ውስጥ ነው የምትሠራው። «እናታችሁን አትዘዟት፣ አትውቀሷት» ብላቸው ነበር። «አይቻለሁ በሏት። የቀረውን አብረን እናስባለን።»

«ማም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ኤልሳቤጥ የምትባል ሴት ናት የሰጠችን፤ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደወል በአማርኛ ያናግራሉ። ካልፈለግሽ ስምሽን አትናገሪም።»

«አሁን ታረቅን እኮ።»

«አይቻለሁ፣ ማም። ከዛሬ ጀምሮ በር ነው አልልም። ትምህርት ቤትም ቢጠይቁኝ አልልም።»

«የሽማግሌ ቃል አፈረሰች ሲሉኝስ?»

«እነሱም አይተዋል።»

ሮማነወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከሽማግሌዎቹ የተረፈው ወጥ ጠረጴዛው ላይ እየረጋ ነበር። «ምን ዓይነት ሴት ናት?» አለች።

«ማን? ኤልሳቤጥ? ቁጡ ናት። እንዳንቺ።»

እናቷ አልሳቀችም። ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጅጌዋን ራሷ ቀስ አድርጋ ሰበሰበችው።

ሶሲ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ጻፈች፤ አልደወለችም። ስልኩን ከእናቷ ግራ እጅ አጠገብ አስቀምጣ መስኮቱ ጋ ሄደችና የአባቷ መኪና ሲመለስ ለማየት ፓርኪንጉን እየጠበቀች ቆመች።