በሁለት ጣት የሚረዝመው ወረቀት

በጸጥታ ቢሮው በምታነሳቸው ኮፒዎች ግርጌ ላይ የሚታዩትን ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች እትዬ ኮፒ የማሽኑ ቆሻሻ መስለዋት ዓመት ሙሉ መስታወቱን ስትወለውል ኖራለች። የፊደላት አናት መሆናቸውን ያወቀችው የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ከሞተ በኋላ ነው።

ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። ከምሳ መልስ ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ በሩን ስትገፋው፣ ሁሉም ጋሼ አቧራ የሚሏቸው ሽማግሌ መሰላሉ ሥር ተዘርረዋል። ከላይኛው መደርደሪያ የወረዱ ፋይሎች ዙሪያቸውን ተበታትነዋል። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ስለ እሳቸው አልነበረም። «አሁን ልጄን ማን ያስፈታልኛል?» አለችና በራሷ አፈረች።

ልጇ በያጅ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ከአንድ ትልቅ የውጭ መንግሥት የስለላ ቢሮ የጥቆማ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ስሙንና የጋዝ ሲሊንደር መግዛቱን ጠቅሶ በአሸባሪነት ይጠረጥረዋል። በዚያው ቀን ታሰረ። ደብዳቤውን ኮፒ ያደረገችው እናቱ ነበረች፤ የተጻፈበትን ቋንቋ አታነብም። አለቃዋ ከሥራ አላስወጧትም፤ «ዓይኔ ሥር ትሁን» ነው ያሉት።

የመጣችው መርማሪ ቀጭን ሴት ናት። መርፌ የሚሏት ግን በቅጥነቷ ብቻ አይደለም፤ ከገባችበት ቤት ክር ሳትጎትት አትወጣም። መጀመሪያ የጠራችው የበሩን ፈታሽ ነበር።

«በምሳ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ እነማን ነበሩ?»

«አለቃው፣ ተርጓሚው፣ እትዬ ኮፒ፣ ጋሼ አቧራና እኔ።»

«ከዚያ ወዲህ የወጣ ወረቀት አለ?»

«እዚህ ቤት ወረቀት ይገባል እንጂ አይወጣም፣ እመቤቴ። የራሴን የሐኪም ማዘዣ ማስወጣት አቅቶኝ ራስ ምታቴን ይዤ ነው የምገባው።»

«እንግዲያው እስክጨርስ ሰውም አይውጣ።»

ከሟቹ የኮት ኪስ አጭር ገመድ አወጣች። «ይሄስ?»

«የመሰላሉ ነው። አንዴ ወድቀው እጃቸው ከተሰበረ ወዲህ መሰላሉን ከመደርደሪያው ጋር ሳያስሩ አንድ እርከን አይወጡም። እንስቅባቸው ነበር።» ፈታሹ አሁን አልሳቀም።

መርፌ ዙሪያውን ቃኘች። ሁሉም ነገር አቧራ በለበሰበት ክፍል የብረት ካቢኔው አንድ ጥግ ብቻ ተወልውሎ ያበራል።

አለቃው ቢሯቸው ውስጥ ሰዓታቸውን ደጋግመው እያዩ ጠበቋት። «ወድቆ ነው የሞተው። ካልሆነም ሴትዮዋን ጠይቂ። ልጇ አሸባሪ ነው።»

«ማን አለ?»

«ደብዳቤው።»

«አጣራችሁ?»

«እነሱ ሰማይ ላይ ሆነው የመኪና ታርጋ ያነብባሉ፤ እኛ አንድ ንጹሕ ኮፒ ማንሳት አቅቶናል። ማን ሆነን ነው እነሱን የምናጣራው?»

ተርጓሚው ትሑት ሰው ነው። ሲናገር ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ከብብቱ አላወረደም። «ምሳዬን ጠረጴዛዬ ላይ በልቼ እዚያው ነበርኩ። እኔ የምተረጉመው የሚሰጠኝን ኮፒ ነው። ዋናው ወረቀት በቀጥታ መዝገብ ቤት ይወርዳል፤ አይቼው አላውቅም።»

እትዬ ኮፒ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በሐሳቧ እሷም ታስራ፣ ልጇም ተረስቶ፣ ቤቷም ታሽጎ ነበር።

«ለምን ወረዱ?» አለቻት መርፌ።

«ጋሼ አቧራ ጠዋት ‹የልጅሽ ወረቀት ጎደሎ ነው። የሚያነብልኝ ሰው ልፈልግና ከምሳ በኋላ ነይ› አሉኝ። እኔ ላይ ሊላከክ ነው ብዬ ስፈራ ዋልኩ። ማሽኑን እኮ በየቀኑ እወለውላለሁ! ነጠብጣቡ አልለቅ ብሎኝ ነው።»

«ሁሉም ኮፒ ላይ ይወጣል?»

«የለም። ከውጭ በሚመጡት ላይ ብቻ።»

መርፌ ብዕሯን አስቀመጠች።

ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ሁሉንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። መስኮት የለም። ፈታሹ በሩን በጀርባው ደግፎ ቆመ።

«ጋሼ አቧራ አልወደቁም» አለች። «ገመዳቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ጭንቅላታቸው የተመታው እዚህ ካቢኔ ጥግ ላይ ነው፤ ያንን ጥግ የጠረገ ሰው አቧራውንም አብሮ ጠረገው። መሰላሉም ፋይሎቹም ኋላ የመጡ ናቸው።»

ከካቢኔው ታችኛው መሳቢያ አንድ የውጭ ደብዳቤ አውጥታ ኮፒውን ደረበችበት። ዋናው በሁለት ጣት ይረዝማል።

«የእነሱ ወረቀት ከእኛ ይረዝማል። ኮፒ ሲነሳ የመጨረሻው መስመር ይቀራል፤ የፊደሎቹ አናት ብቻ ይታያል። ጋሼ አቧራ ይህንን አዩ፤ ቋንቋውን ግን አያውቁም። የሚያነብላቸው ሰው ፈለጉ። መዝገቡ ላይ አርባ ደብዳቤ አለ፤ መሳቢያው ውስጥ ሠላሳ ዘጠኝ። የጎደለው የበያጁ ነው። የወሰደው ሰው መስመሩ ምን እንደሚል ያውቃል። አለቃው አያነቡም። ፈታሹም እትዬም አያነቡም።» እጇን ዘረጋች። «መዝገበ ቃላትዎን።»

ተርጓሚው መጽሐፉን አጥብቆ ያዘ።

«ስጣት እንጂ!» አሉ አለቃው።

ከገጾቹ መሃል አንድ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። መርፌ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ለመደበቅ ብቻ ያሰበ ሰው መሃሉን ያጥፈዋል። ይህ ግን የታጠፈው ኮፒው በሚያልቅበት ላይ ነው፤ ሁለቱን አስተያይቷል። በሉ ያንብቡልን። ሥራዎ ነው።»

ተርጓሚው ድምፁ እየጠፋ አነበበ። «ይህ መረጃ ከአንድ ምንጭ ብቻ የተገኘና ያልተረጋገጠ ነው። በዚህ ብቻ ተመርኩዞ ማንንም ማሰር አይገባም።»



«ልገድላቸው አልነበረም፤ ገፋኋቸው» አለ ቀጥሎ። «አምና አንዱን ዋና ወረቀት አይቻለሁ። ያኔ አሥራ አንድ ሰው ታስሮ ነበር፤ አንዱ እዚያው ሞቷል። እንዴት ብዬ ልናገር? አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር መውጫዬ ጠበበ። ዛሬ እሳቸው ‹አንብብልኝ› አሉኝ።»

እትዬ ኮፒ እጆቿን አየቻቸው። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ያስተካከሉት እነዚህ እጆች ናቸው።

«እነሱ እኮ… ትልቅ አገር…» አሉ አለቃው።

«እነሱ እርግጠኛ አይደለንም ብለው ላኩ። እናንተ እርግጠኛ ሆናችሁ» አለች መርፌ። «መፍታቱን ከበያጁ ይጀምሩ። የቀሩትን ደግሞ እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

አለቃው ብዕር ፈልገው አጡ። ያቀበለቻቸው እትዬ ኮፒ ናት።

ሲመሻሽ እናትና ልጅ ቤታቸው ደረሱ። በሩ አሥራ ዘጠኙንም ቀን አልተቆለፈም፤ ድንገት ቢለቁት ደጅ እንዳይቆም ብላ ነው። አሁን ቁልፉን ይዛ ቆመች። ሌላ ደብዳቤ ቢመጣስ? የዚያኛውስ የመጨረሻ መስመር ምን ይላል? ቁልፉን ስትከተው ልጁ በብረቱ ድምፅ ሰውነቱ ሽምቅቅ አለ።

«ይቅር፣ አልቆልፈውም» አለች ደንግጣ።

«ስጪኝ፣ እማ።»

ቁልፉን ተቀብሎ ጥቂት መዳፉ ላይ አቆየው። «እዚያ የሚቆለፈው ከውጭ ነበር» አለና ራሱ ሁለት ጊዜ አዞረው።