ማፏጨት የተከለከለበት ሜዳ

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በረዶ ወረደ። ሲጀምር ሽምብራ ያክል ነበር፤ ሲብስበት ባቄላ አከለ። ወፍ አስጎብኚዋ ሩክማ ፓንግቲ አልጮኸችም። በአንድ እጇ ቦርሳዋን አናቷ ላይ ደፍታ፣ በሌላው የእንግዳዋን ክንድ እየጎተተች ወደ ትልቁ ቋጥኝ ሮጠች። ዋርሳዋ ዲዋን ምሳውንና የሻይ ፔርሙዙን ታቅፎ ከኋላ ደረሰ። ከቋጥኙ ሥር ተጠጋግተው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ሩክማ ሰው ቆጠረች። ሦስት ነበሩ። ጠዋት ሲነሱ ግን አራት ነበሩ።

«ቦውዲ፣ ዳዳ የት አሉ?» አለች በሹክሹክታ።

ለተራራው አገር ለሙንሲያሪ ሰው ከካልካታ የመጣ ወንድ ሁሉ «ዳዳ»፣ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሚስቱም «ቦውዲ»፣ የወንድም ሚስት ናት። እኒህ ዳዳ ኒርማልያ ሳንያል ይባላሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መድኃኒት ሲሸጡ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወፍ ከማየት ሌላ ሥራ የላቸውም። ባለቤታቸው ሹክላ ደግሞ እሳቸውን ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የላቸውም።

«አንድ ደቂቃ ብሎኝ ወደዚያ ቁጥቋጦ ሄደ» አሉ ቦውዲ። «የሱን አንድ ደቂቃ አርባ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። ሽንት ይሁን ወፍ፣ እኔ እንጃ።»

በረዶው ሲያባራ ከሸለቆው ጉም ተነሣና ሜዳውን ዋጠው። የዘረጉት እጅ አይታይም። ሩክማ እየተደናበረች እስከ ቁጥቋጦው ደርሳ ተመለሰች። ሣሩ በበረዶ ነጥቷል፤ ዱካ የሚባል ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መምጣቱ አይቀርም። በእርጥብ ልብስ በዚያ ብርድ የተቀመጠ ሽማግሌ ደግሞ እስከ ማታ አይደርስም። ይህን ሩክማም ዲዋንም ያውቁታል።

«መንገድ ቢጠፋባቸው አይጣሩም እንዴ?» አለች ሩክማ። «አንድ ጊዜ ቢጣሩ እኮ እሰማቸዋለሁ።»

ቦውዲ ትክ ብለው አዩዋት።

«አንቺ አይደለሽ የከለከልሽው? የኔ ባል ጭር ባለ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲያይ ብቻውን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ቃል ገብቶልሻል። ይሞታል እንጂ አይጮህም!»

ሩክማ ወደ ጉሙ ዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጫካው በላይ ያለው የሲርታ ሜዳ የአንችሪዎች ነው። አንችሪ ማለት ሳይዳሩ የሞቱ ልጃገረዶች መንፈስ ነው፤ እዚያ ቀይ የለበሰ፣ ያፏጨ ወይም የጮኸ ሰው ካገኙ ይወዱትና ይዘውት ይሄዳሉ። በሙንሲያሪ ይህን የማያምን ሊኖር ይችላል፤ ደፍሮ የሚሞክረው ግን እስካሁን አልታየም። ሩክማም የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ዛፉ አልቆ ሣሩ ሲጀምር፣ እንግዶቿን አቁማ ሕጉን ነገረቻቸው። ቦውዲ ቀይ ሻላቸውን አውልቀው ቦርሳ ውስጥ ከተቱ። እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ግን ባለፈው ወር ያመጣቻቸው እንግዶች እየተንጫጩ ወፉን ሁሉ አባረውባት ስለነበር ከራሷ አንድ ነገር ጨመረችበት። «ብትወድቁ እንኳ ድምፅ እንዳታሰሙ» አለች። ዳዳ ኮስተር ብለው «አገሩ የእናንተ፣ ሕጉም የእናንተ» አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቃል ገቡ። ዲዋን ጎሸም አድርጓት፣ «የመጨረሻዋን ከየት አመጣሻት?» ቢላት፣ «ዝም በል፤ ወፍ ማየት አይፈልጉም?» ብላው ነበር።

አሁን ያ ሁሉ መጣባት። ሁለት ጣቶቿን አፏ ውስጥ ከተተችና ተራራው እስኪያስተጋባ አፏጨች።

«ኧረ አንቺ ሴት!» አለ ዲዋን ጆሮውን ይዞ። «ይወስዱሻል! ለወንድሜ ምን ብዬ ልንገረው?»

«ይውሰዱኝ! ዳዳ! ዳ-ዳ!»

ቦውዲም ቦርሳቸውን ከፈቱና ቀዩን ሻል አውጥተው በትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። «እንዲያዩኝ ነው» አሉ። «ባሌን የወሰዱት እነሱ ከሆኑ መጥተው እኔን ያነጋግሩኝ።» ዲዋን ይህን ሲያይ ተስፋ ቆረጠና እሱም መጮህ ጀመረ።

መልስ የለም። ጉሙ ጩኸቱን እንደ ጥጥ ይመጠዋል። ዳዳ ደግሞ ከግንባር እስከ አገጭ የሚሸፍን የሱፍ ቆባቸውን አጥልቀዋል። የካልካታ ሰው ያለዚያ ቆብ ተራራ አይወጣም፤ ጆሮውን ጥርቅም አድርጎ ሸፍኖ የወፍ ድምፅ ሊሰማ ይመጣል።

ሩክማ ድንገት እጇን አነሣች። «ዝም በሉ። አሁን ዝም በሉ።»

ዐይኗን ጨፍና ቆመች። ከስድስት ዓመት ወዲህ እንጀራዋ ይኸው ነው፤ ከማየቷ በፊት ትሰማለች። መጀመሪያ ከበረዶው የተረፉት ትናንሽ ወፎች ተንጫጩ። ከዚያ በግራ፣ ከታች፣ ሞናል ጮኸ። ሞናል ላባው ቀስተ ደመና የመሰለ ትልቅ የተራራ ወፍ ነው፤ ሲደነግጥ ፉጨቱ ሽቅብ ይወጣል። ነብር ካየ ነብሩን እየተከታተለ ስለሚጮህ ድምፁ ይጓዛል። የሚሄድ ሰው ካየ አንዴ ጮኾ ቁልቁል ይበራል። ይሄኛው ግን አንድ ቦታ ተተክሎ ይጮኻል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይጮኻል።

«እዚያ የተቀመጠ ነገር አለ» አለች። «መሄድ ያቃተው።»

«ድብ ቢሆንስ?» አለ ዲዋን።

«ድብማ ለምን ይቀመጣል? ቦውዲን ጠብቅ። ሳፏጭ ትመጣለህ።»

ቁልቁለቱን የቡራንሽ ቁጥቋጦ ሞልቶታል፤ ቅርንጫፉ እርስ በርስ ተቆላልፎ ቁሞ የሚሄድ ሰው አያሳልፍም። ሩክማ በደረቷ ተሳበች። ቀይ አበባው ፊቷ ላይ እየረገፈ፣ እሾህ መሰል ጉቶ እጅጌዋን እየቀደደ፣ አንዴ በጉልበቷ አንዴ በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ወረደች። ከቁጥቋጦው ስትወጣ ከፊቷ የብርድ ወራቱ በረዶ ያልሟሟለት ገደላማ ቦይ ተንጣሎ አገኘችው። ነፋሱ ጉሙን ገለጥ አደረገውና ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አየች።

ዳዳ ከቦዩ ማዶ ጠባብ ደረጃ በምታክል ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እግራቸው ተዘርግቷል፤ የሩቅ ማያ መነጽራቸው አንገታቸው ላይ ነው። ከእሳቸው ሥር፣ አሥር እርምጃ በማትሞላ ርቀት፣ አንድ ጥቁር ድብ ሥር እየቆፈረ ነው። ሩክማም ለዲዋን ጥያቄ የሰጠችው መልስ ትዝ ብሏት አፈረች። ዳዳ ቀና ሲሉ አዩዋት። ፊታቸው በራ። ከዚያ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «እሽሽ» የሚል ምልክት ሰጧት።

ሩክማ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። ድብ የሚጎዳው ሲደነግጥ ነው፤ ከሩቅ ድምፅ ከሰማ መንገዱን ይቀይራል። የውኃ ኮዳዋን አወጣችና በዱላዋ እየቀጠቀጠች ብድግ አለች።

«አንተ! ሆዳም! ሌላ ተራራ አጣህ? ሂድ ከዚህ! ሂድ ብያለሁ!»

ድቡ በኋላ እግሩ ቆመ። ደረቱ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ወለል ብሎ ታየ። አንዴ አጉረመረመና በረዶውን እየበተነ ወደሷ ተወረወረ። ሩክማ መሮጥ አማራት፤ እግሯ ግን እንቢ አለ፤ እንቢ ማለቱም በጀ። ኮዳውን እየደበደበች፣ ምን እንደምትል እራሷም ሳታውቅ፣ የአማቷን ስድብ ሁሉ አወረደችበት። ድቡ አምስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ አነፈነፈ፤ ዞረና ቁጥቋጦውን እየሰባበረ ቁልቁል ነጎደ።

በዱላዋ በረዶው ላይ መርገጫ እየቆፈረች ተሻገረች። ዳዳ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ግን ዐይናቸው ንቁ ነው። ሩክማ ጃኬቷን አውልቃ አለበሰቻቸውና ቆባቸውን ከጆሯቸው ገለጠች።

«አሁን መናገር ይቻላል?» አሉ በሹክሹክታ።

«ሲንሸራተቱ ለምን አልጮኹም፣ ዳዳ? ለምን?»

«ብትወድቁ እንኳ ብለሻል። ሻሌን ነክሼ ወደቅሁ።»

ሩክማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። «እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ከአባቶቻችን የመጣ አይደለም። ወፉ እንዳይሸሽብኝ ብዬ የፈጠርኩት ነው። ዋሽቻችኋለሁ።»

ዳዳ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም ነበር፤ ግን አልተቆጡም። «እንግዲያው» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አንድ ጩኸት ዕዳ አለብኝ ማለት ነው።» ደረታቸውን ነፍተው፣ ከዚያ ቀጭን ሰውነት ይወጣል ተብሎ በማይታሰብ ድምፅ «ሹክላ!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የቦውዲ ድምፅ ወረደ። «አንድ ደቂቃህ አለቀ ወይ?» ብሎ ጀመረና ወዲያው በለቅሶ ተቆረጠ።

ሩክማ አፏጨች። ዲዋን ገመድ ይዞ ወረደ፤ ሽማግሌውን በጀርባው አዝሎ፣ የሸክሙን ማሰሪያ ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ እያቃሰተም እየቀለደም አወጣቸው። «ዳዳ፣ ወፍ ፍለጋ ለመጣ ሰው ይከብዳሉ» አለ። «ሉንጊውንስ አዩት?» ሉንጊ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ቀይ ወፍ ነው፤ ዳዳ ከካልካታ ድረስ የመጡት ለእሱ ነበር።

«ጅራቱን» አሉ ዳዳ። «ጅራቱን ብቻ።»

ቦውዲ ባላቸውን አቀፉ፣ ሳሙ፣ ደረቅ ካልሲ አለበሱ፣ ትኩስ ሻይ አጠጡ፤ ከዚያ ቁጣቸውን ጀመሩ። ቁልቁል ጫካውን ሲያቋርጡ ከዲዋን ኋላ እየተከተሉ አንድም ጊዜ አላቋረጡም። አርባ ሁለት ዓመት! የዳርጂሊንጉ ገደል! በሠርጋቸው ማግሥት ጉጉት የሚባለውን ወፍ ለማየት ብሎ ጥሏቸው የሄደው! በየመታጠፊያው ወፎች ብር እያሉ ሸሹ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ ማድረግ ሥራዋ የሆነው ሩክማ እጇን እንኳ አላነሣችም። ፊት ፊት እየሄደች፣ ጀርባዋን በዚያ ድምፅ እያሞቀች፣ ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

ከወንዙ አጠገብ ቦውዲ ትንፋሽ አጠራቸውና ዝም አሉ። ጫካውም ጸጥ አለ። ሩክማ በድንጋጤ ዞረች።

«ቦውዲ፣ ምነው ዝም አሉ?» አለች። «ኧረ ይቀጥሉ እባክዎ!»