አሚን ያላለችበት ስም

«ሌላ ልጅ አለህ?»

ሳምራ ይህን የጠየቀችው ኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ ላይ ቀይ መብራት ይዟቸው በቆሙበት ነው። አባቷ ባህረዲን ከኦክላንድ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲያመላልስ ውሎ ከትምህርት ቤት ሊወስዳት መጥቶ ነበር። ረመዳን ስለሆነ ከንፈሩ ደርቋል። የቀለደችበት መሰለው።

«አንቺ አልበቃሽኝም እንዴ?»

«አይ አም ሲሪየስ፣ አባ!» ስልኳን ፊቱ ላይ ደቀነችበት። «ናዖድ ይመር። የቤተሰብ ስሙም እንደኛው የአያቴ ስም ነው። ሳን ሆዜ ነው የሚኖረው። ሃያ አራት ፐርሰንት ማች ያደርገኛል። ሀፍ ብራዘርሽ ነው ይላል!»

የዲ ኤን ኤ ምርመራውን ለልደቷ የገዛላት ራሱ ነበር። ቲዩቡ ውስጥ ምራቋን ስትተፋ «ወሎዬ መሆንሽን ሊነግሩሽ ነው ይሄ ሁሉ?» ብሎ ስቆባት ነበር። አሁን ግን አልሳቀም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩምባ እስኪነፋበት ድረስ ስልኩን ትክ ብሎ አየ።

«ወላሂ ካንቺ ሌላ ልጅ የለኝም» አለ መኪናውን እያንቀሳቀሰ። «ይመር ደግሞ ወሎ ውስጥ የሞላ ስም ነው።»

«ስሙ ይሙላ። ደሙስ?»

ሬዲዮውን ከፍቶ እስከ ቤት ነዳ።

እናቷ ዓፊፋ ለማፍጠሪያ የሚሆን ሳምቡሳ ትጠብስ ነበር። «ማሚ፣ ናዖድ ይመር የሚባል ልጅ ታውቂያለሽ?» አለቻት ሳምራ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። እናቷ ሳምራን ሳይሆን አባቷን አየች። ሳምራ ሌላ መልስ አላስፈለጋትም። ክፍሏ ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችና ለናዖድ ጻፈች። «የኔ አባት ያንተም አባት ነው?»

መልሱ ብዙም አልቆየም።

«ሃሃ፣ ኖ! እኔ አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። የተላከው ምራቅ ግን የኔ ሳይሆን ያባቴ ነው። ኢሜይል ምናምን ስለማይወድ በኔ ስምና በኔ ዕድሜ ነው ያስመዘገብኩት። ለዚህ ነው ወንድምሽ ያስመሰለኝ። ሃያ አራት ፐርሰንት ግማሽ ወንድም ብቻ ማለት እኮ አይደለም፤ አጎትም ያንኑ ያህል ያወጣል። አባቴ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ያንቺስ?»

ባህረዲን ሃምሳ ዓመቱ ነው። በአራት ዓመት የሚበልጠው ሰው እንዴት ልጁ ይሆናል? ሳምራ ፊቷ ጋለ። በጾም አፉ ወላሂ እያለ ሲምልላት አላመነችውም። ይቅርታ ልትጠይቀው ተነስታ የበሩን እጀታ እንደያዘች ስልኳ እንደገና ጮኸ።

«አባቴ አሁን አሳምነው ነው የሚባለው። ጌታን ከመቀበሉ በፊት ግን ስሙ ሙሰብ ነበር።»

እጇ እጀታው ላይ ቀረ።

ሙሰብን ታውቀዋለች። ሙሰብ የሞተው አጎቷ ነው። እናቷ ማዕድ ላይ «በቀኝሽ ብዪ!» እያለች ስትቆጣት፣ አባቷ «ተያት፣ ግራኝነቷ የሙሰብ ነው» ይል ነበር። ስምንት ዓመቷ ሳለ በምን እንደሞተ ጠይቃ «ታሞ» ሲሏት፣ ላላየችው ሰው ትራሷ እስኪርስ አልቅሳለች። በየረመዳኑም ሲያፈጥሩ ዱዓ ይደረግለታል። ሰውየው ግን በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ሳን ሆዜ ተቀምጧል።

ናዖድ ጨምሮ ጻፈ። «አባቴ አጠገቤ ነው። ስምሽን ሲያይ የወንድሜ ልጅ ናት አለ። እዚያ ቤት ስለኔ ምን ይላሉ ብለህ ጠይቃት እያለኝ ነው። ምን ልበለው?»

ሳምራ ስልኳን ኪሷ ከተተችው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥታ ማዕዱ ላይ ተቀመጠች። በቴምር አፈጠሩና አባቷ እንደ ሁልጊዜው እጆቹን ከፍ አደረገ።

«ለአባቴ አላህ ይዘንለት።»

«አሚን» አሉ ሁለቱም።

«ለእናቴ አላህ ይዘንላት።»

«አሚን።»

«ለወንድሜ ለሙሰብ አላህ ይዘንለት።»

«አሚን» ያለችው እናቷ ብቻ ነበረች። ሳምራ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ባህረዲን የእሱን እጆች ሳያወርድ ቀና ብሎ አያት።

«ሳን ሆዜ መሆኑን ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ሳምራ!» አለች እናቷ።

«ታውቅ ነበር ወይ?»

«አባቴ ነው» አለ ባህረዲን ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሙሰብ ሃይማኖቱን ሲቀይር፣ ሞቷል በሉ ብሎ ሁላችንንም አስማለን። አባቴን እንቢ ልበለው?»

«አያቴ ከሞቱ ስንት ዓመታቸው! ከዚያ በኋላ የዋሸኸኝ አንተ ነህ።»

«ዱዓው ውሸት አይደለም። የአላህ እዝነት በሕይወት ላለም ሰው ነው።»

«እሺ ለቅሶዬስ? የስምንት ዓመት ልጅ ስታስለቅስ ምንም አልመሰለህም?»

ባህረዲን ቴምሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «ተሳፋሪ ይዤ አንዳንዴ በሰፈሩ አልፋለሁ» አለ።

«ታልፋለህ!» ሳምራ ተነሳች። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «በወንድምህ ደጅ አልፈህ መጥተህ እዚህ አላህ ይዘንለት ትላለህ? እኔን አሚን ታስብለኛለህ?»

«አባትሽን እንዲህ አትናገሪም!»

«አንቺም ታውቂ ነበር፣ ማሚ!»

ሳምራ ስልኳን አውጥታ አባቷ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። «ምን ይሉኛል ብሎ እየጠየቀ ነው። በል አንተ ንገረኝ። ምን ልበለው?»

ስልኩን አልነካውም። ጠበቀችው። የስክሪኑ መብራት ሲጠፋ አነሳችና፣ እየሰማ፣ የምትጽፈውን ጮክ ብላ እያነበበች መጻፍ ጀመረች።

«ሞቷል ነው የሚሉት። እኔም መኖሩን ያወቅኩት ዛሬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፍሪሞንት የባርት ባቡር ጣቢያ እመጣለሁ። ይዘኸው ና።»

ላከችው። የወደቀውን ወንበር አንስታ ተቀመጠች።

«አሁንም» አለ አባቷ ስልኩን እያየ፣ «አሁንም በግራው ነው የሚጽፈው?»

ድምፁ ሊያባብሉት የሚያሰኝ ነበር። ሳምራ ግን ንዴቷ አልበረደላትም።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለችው። «ቅዳሜ መጥተህ ራስህ ጠይቀው።»

በግራ እጇ ሳምቡሳ አነሳች። እናቷ አየቻት፤ «በቀኝሽ» አላለቻትም።