በሕይወት ሳሉ

ዋና መሐንዲሷ ቢሮዋ ምንጣፍ ላይ በደረቷ ተደፍታ ተገኘች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ የቀኝ እጇ ጥፍሮች ተሰባብረዋል። የአስም መድኃኒቷን የምትስብበት ኢንሄለር ከፋይል መደርደሪያው አናት ላይ ተቀምጧል። እሱን ለመድረስ ስትቧጥጥ በመደርደሪያው በር ላይ የተወችው ጭረት እስከ ትከሻዋ ቁመት ደርሶ ቆሟል።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ጭረቱን በዓይኗ ወደ ላይ ተከተለች።

«ይህን ያደረገ ሰው ቆሞ አይቷታል» አለች።

ጠዋት ወደዚያ ቢሮ የሚገባ ሰው ከሦስት አያልፍም፦ ባሏ፣ ጸሐፊዋና ምክትሏ የሆነው ታናሽ ወንድሟ። መርማሪዋ ከጸሐፊዋ ጀመረች።

«መቼ አገኘሻት?»

«ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከመዝገብ ቤት ስመለስ። ምሳ ልዘዝላቸው ብዬ ነው የገባሁት።»

«ዛሬ ምን ነበራችሁ?»

«ከሰዓት ቦርዱ ይሰበሰባል። ሰባት ግንበኞች ላይ ተደርምሶ ስለገደላቸው ፎቅ የተጠናው ሪፖርት ሊቀርብ ነበር። ሪፖርቱ ፒዲኤፍ ነው፤ እንደ ታተመ ወረቀት ነው፣ እንዳሻዎት አያርሙትም። ወደ ስላይድ እንዲለውጡት ወንድማቸውን አዘዙ።»

ባልየው ዓይኑን አልሰበረም።

«ልፈታት ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ገብቼ ተጨቃጨቅን።»

«ስትወጣ እንዴት ነበረች?»

«እየሳቀችብኝ። ሰው ሲጎዳ ማየት ደስ ይላታል።»

ወንድምየው ጣቶቹን እያሸ መለሰ። «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ሠላሳ ገጽ መስመር በመስመር ስተይብ ነው ያረፈድኩት። እትዬ ስትታፈን እኔ ግድግዳ ተጋርቼ እተይባለሁ፤ አይገርምም?»

«ሥራህን ልየው?»

አልከለከላትም። ስላይዶቹን እያገላበጠች፣ ቃላቱን በማውሱ እየነካካች ቆየች። ከዚያ ሪፖርቱን ከፍታ አነበበች፤ ሦስቱንም ወደ ስብሰባ አዳራሽ ጠራች።

ግድግዳው ላይ ስላይዱ በራ። መርማሪዋ ከአንድ አንቀጽ አንዱን መስመር ጎተተች። መስመሩ ብቻውን ተነጥሎ ሄደ፤ የቀረው ባለበት ቀረ።

«ሰው ሲተይብ አንቀጹን አንድ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ይጽፋል» አለች። «መስመር በመስመር የሚበጣጥሰው መለወጫ ፕሮግራም ነው። የገጹ ቁጥር ዓረፍተ ነገር መሀል ተሰንቅሯል። ሰንጠረዡ ፎቶ ሆኖ ቀርቷል። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።»

ወንድምየው ፈገግ አለ። «እሺ፣ ሰነፍ ነኝ። ስንፍና ያሳስራል እንዴ?»

«አያሳስርም።» ሃያ ሦስተኛውን ስላይድ አወጣች። «ይሄኛው ግን ሙሉውን በአንድ ሳጥን ነው። በእጅህ የተየብከው ይህን ብቻ ነው። ሪፖርቱ ‹የተሳሳተውን ስሌት የሠራው ምክትል መሐንዲሱ ነው› ይላል። አንተስ ምን አልክ? አንብበው።»

ጸሐፊዋ አነበበችለት፦ «ስሌቱ ዋና መሐንዲሷ በሕይወት ሳሉ ያጸደቁት ነው።»

«የስላይዱ ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠው አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው» አለች መርማሪዋ። «አስከሬኗ የተገኘው ስድስት ሰዓት። በአምስት ከሃያ መሞቷን የሚያውቅ ማን ነበር?»

ወንድምየው ጣቶቹን ማሸት ተወ።

«ሌላ ሰው ያቅርበው ብዬ ልለምናት ገባሁ። ‹ራስህ አዘጋጅተህ ራስህ ታነበዋለህ› አለችኝ። ‹የሟቾቹን ሚስቶች ጠርቻለሁ፤ ፊት ለፊትህ ነው የማስቀምጣቸው።› ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ። እጇ ወደ ኢንሄለሩ ሲሄድ ቀደምኳት።»

«ለመነችህ?» አለ ባልየው።

«አየር የላትም እኮ። በምን ትለምነኝ?»

ባልየው ተነሣ። ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባውና መልሶ ተቀመጠ። ፖሊሶች ወንድምየውን ይዘውት ሲወጡ ጃኬቱን አስተካከለ።

ጸሐፊዋ ለቦርድ አባላት ደወለች። የመጀመሪያው የሞቱን ወሬ ሰምቶ አዘነ፣ ነፍስ ይማር አለ፤ ወዲያው ደግሞ ስላይዱ አልቆ እንደሆነ ጠየቀ። ጸሐፊዋ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና መርማሪዋን አየች።

«ስላይዱን ተይው» አለች መርማሪዋ። «ፒዲኤፉን ላኪላቸው። ለሟቾቹ ሚስቶችም ላኪ።»